ሰይፍ የታጠቀው እንግዳ
ክፍል 4፦ የሌሊቱ ውኃ ቀጂ

የት ላይ ነበር የተለያየነው? አዎ፣ በረሃው መሀል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። ከፊታቸው ሰይፍ የታጠቀ ግዙፍ ጥቁር ሽፍታ ተገትሯል። እኔም ልክ እዚያ ስደርስ “ይቀጥላል” ብዬ ጥያችሁ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስትረግሙኝ እንደከረማችሁ አላጣሁትም። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

በመሀል የገባችሁ ካላችሁ ቶሎ ልንገራችሁና እንለፍ። ሰውየው ሙሴ ነው፤ ጌታው ስርቆቱንና ክፋቱን መቻል አቅቶት ያባረረው ባሪያ፣ ኋላም የወንበዴዎች አለቃ። ክፍል 2 ላይ አንድ እረኛ በውሾቹ ሥራውን ስላበላሸበት ሊገድለው ተነሣ። ዓባይ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሰፍቷል። ሙሴ ልብሱን ራሱ ላይ ጠመጠመ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነከሰ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ አመለጠው። ታዲያ ባዶ እጅ መመለስ የት አለና! አራት ሙክት አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየዋኘ አመጣቸው። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጅ ጠጣበት፣ ከዚያ ጓደኞቹ ወዳሉበት 75 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ነካው።

ተጋነነ ካላችሁ ክሱን ወደ ጳላድዮስ ውሰዱት። በግብፅ በረሃ ለዓመታት መንኩሶ የኖረውና በ420 እ.ኤ.አ. ገደማ የበረሃ አባቶችን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ሙሴን “ኢትዮጵያዊ” የሚለውም እሱ ነው፤ በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተደቡብ የመጣ ጥቁር ሰው ሁሉ እንዲህ ይባል ነበር።

ክፍል 3 ደግሞ ትዝ ይላችኋል። ያ ማንም የማያቆመው ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ ፀሐይን ጠየቃት። ስንክሳሩ እንደሚለው ያመልካት ነበርና፣ አምላክ ከሆንሽ ንገሪኝ አላት። ፀሐይም ዝም አለች። “የማላውቅህ አምላክ ሆይ፣ አንተው ራስህን አሳውቀኝ” ሲል ለመነ። በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቁታል ሲባል ሰማ። ሰይፉን ታጠቀና ገሠገሠ።

እግዚአብሔርን ፍለጋ ሰይፍ ታጥቆ የሚሄድ ሰው አይታችኋል? ምን ያድርግ! ሌላ አካሄድ አያውቅማ።

በሉ እንግዲህ፣ ወደ በረሃው።

ሽማግሌው አባ ኤስድሮስ ናቸው፣ የአስቄጥስ ካህን። ፈሩ? ፈሩ እንጂ! ስንክሳሩም አይደብቀውም። እንዲህ ያለ ሰው በጭር ሜዳ ላይ ሲመጣባችሁ ቅድስና ጉልበት አያጸናም።

“አይፍሩ፣ አባቴ” አለ ሽፍታው።

አባ ኤስድሮስ ሰይፉን አዩ።

“ወደ እናንተ የመጣሁት እግዚአብሔርን እንድታሳውቁኝ ነው።”

ሽማግሌው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? “መጀመሪያ ትጥቅህን ፍታ” ማለት ይችሉ ነበር። “የገደልካቸውን ቁጠርልኝ” ማለትም ይችሉ ነበር። ሰው እንደገደለ ወሬው ቀድሞት ይሄድ ነበርና። እሳቸው ግን ይዘውት ሄዱ፤ ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ዘንድ።

እስኪደርሱ ስለ ቦታው ልንገራችሁ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን ይባላል፤ ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ዝቅተኛ በረሃ ነው። ሐይቆች አሉት፣ ነገር ግን ጨው ናቸው። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ የሚያደርቁበትን ናትሮን የሚያወጡት ከዚያ ነበር። አባ መቃርስ በ330 እ.ኤ.አ. አካባቢ እዚያ ሲገቡ ሰው የሚሸሸው ምድር ነበር፤ ቆይቶ ግን በዓቶች እየበዙ ሄዱ። መነኮሳቱ ሰሌን እየታቱ ቅርጫት ይሠራሉ፣ ቅርጫቱን በዳቦ ይለውጣሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴ ይሰበሰባሉ። ልብ በሉልኝ፦ ሙሴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም የሚዘረፍ ነገር የሌለበት ሰፈር ገባ።

አባ መቃርስ አስተማሩት። አጠመቁት። ቆየት ብሎም መነኮሰ፣ በዓትም ተሰጠው።

እዚህ ላይ “ተፈጸመ” ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ሞልቷል። ሽፍታው አመነ፣ ተጠመቀ፣ ዓላማውን አገኘ፣ እልል በሉ! ቆይ፣ ቆይ። እልልታችሁን አስቀምጡልኝ። እኔ ገና ሦስት አደጋ ይዤባችኋለሁ። ደግሞም ጨክኜ ልንገራችሁ፦ ሙሴ እስካሁን ያገኘው በሩን ነው። ምን ሊሠራ እንደመጣ አላወቀም።

የመጀመሪያው አደጋ በሌሎች ሰዎች ላይ የደረሰ ነው።

አራት ሌቦች ናቸው። አንድ በዓት መርጠው ገቡ። ብቻውን የሚኖር መነኩሴ፣ በጾም የደከመ፣ ጎረቤቱ ሩቅ። ከዚህ የቀለለ ሥራ ከየት ይመጣል? የማንን በር እንደሚገፉ ግን የነገራቸው የለም። እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ እነሱ ብቻ አያውቁም።

ገቡ።

ድብድቡን በዝርዝር ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ችግሩ በጣም አጭር ነው። ሙሴ አራቱንም ያዘ፣ አራቱንም አሰረ። አበቃ።

አሁን ግን ትንፋሻችሁን ያዙ። አደጋው ይሄኔ ነው የጀመረው። እጁ ላይ አራት ሰዎች አሉ። ሌሊት ነው። የሚያይ የለም። ደግሞ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። የድሮው ሙሴ ቢሆን፣ በውሻ ጩኸት ምክንያት ዓባይን የዋኘው ሙሴ፣ እነዚህን ምን ያደርጋቸው ነበር? መልሱን ታውቁታላችሁ። የታሰሩት ሰዎችም ሳይገምቱት አልቀሩም።

አነሣቸው። አራቱንም በአንድ ጊዜ ጀርባው ላይ ጫናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሸክሟቸው ሄደና ወንድሞች ፊት አወረዳቸው።

“እኔ ማንንም መጉዳት አልተፈቀደልኝም” አለ። “እነዚህን ምን ላድርጋቸው?”

ሳቃችሁ? እኔም ስቄያለሁ። ግን ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡት። የወንበዴ አለቃ ፈቃድ እየጠየቀ ነው! ጉልበቱ ያው ነው፤ አራት ሙክት እየጎተተ ዓባይን ያቋረጠው ጉልበት አራት ሌባ ተሸክሞ መጥቷል። አንድም ጡንቻ አልጎደለበትም። የተለወጠው ጉልበቱ የሚታዘዝለት ጌታ ነው።

ሌቦቹ ጥፋታቸውን አመኑ። ወዲያው ደግሞ ያሰራቸውን ሰው ማንነት ሰሙ።

“ሙሴ? ያ ሙሴ?”

ያ ሙሴ!

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ብርቱ፣ እንዲህ ያለ ወንበዴ እግዚአብሔርን ከፈራ እኛ ምን እንጠብቃለን ተባባሉ። ጳላድዮስ እንደጻፈው አራቱም መነኮሱ። ዳቦ ሊሰርቁ ገብተው ቆብ ደፍተው ቀሩ።

አንድ አደጋ አለፈ። ሁለት ቀሩን።

ሁለተኛው ሰይፍ አያስፈራውም፣ በገመድም አይታሰርም። ሌሊት ይመጣል፣ ከውስጥ ይመጣል። ሙሴ ወንበዴነቱን ጥሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ ኑሮው ግን አልጣለውም። የዝሙት ሐሳብ ተነሣበት፤ ቀን በሐሳብ፣ ሌሊት በሕልም። ጳላድዮስ ሳያድበሰብስ ነው የሚነግረን፦ የመጣበትን ዓላማ ጥሎ ሊሄድ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ትንሽ! ይህን ሁሉ ሳምንት ተከትላችሁት መጥታችሁ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ቢሄድ ምን ትሉኝ ነበር?

ተነሥቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ።

“አባቴ፣ ውጊያው በረታብኝ።”

“አትደንግጥ፣ ልጄ። ገና ጀማሪ ነህ፤ ለዚህ ነው የበረታብህ።”

ከዚያ ሽማግሌው ምሳሌ ሰጡት። ሥጋ ቤት ደጅ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ ብታባርረውም ተመልሶ ይመጣል። ሥጋ ቤቱ ከተዘጋና የሚወረውርለት ካጣ ግን፣ ሲርበው ራሱ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንተም አትወርውርለት።

ጥሩ ምክር ነው። ችግሩ፣ ይህ ውሻ ቶሎ አይርበውም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሴ መጣ፤ በዓቱ ውስጥ መቆየት ጭራሽ አልቻለም። ሽማግሌው “ወደ በዓትህ ተመለስ” አሉት።

“አልችልም፣ አባቴ። አቅም የለኝም።”

ቃሉን ሰማችሁት? አራት ሰው በአንድ ጀርባ የተሸከመው ሰው ነው “አቅም የለኝም” የሚለው።

አባ ኤስድሮስ አልተከራከሩትም። ወደ ሰገነቱ ይዘውት ወጡ።

“ወደ ምዕራብ ተመልከት።”

ተመለከተ። አጋንንት፣ ሠራዊት በሠራዊት፣ እየጮኹና እየተራወጡ ለውጊያ ተሰልፈዋል። ስንቱን ሌሊት ብቻዬን ነኝ ሲል የኖረው ሰው አሁን የጠላቱን ብዛት በዓይኑ አየ። ከሰገነቱ ዘልሎ ባይሸሽ ይገርማል።

“አሁን ደግሞ ወደ ምሥራቅ።”

ዞረ።

በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ “ይቀጥላል” የምላችሁ እዚህ ነበር። ዛሬ ግን የተሻለ ማቆሚያ ስላለኝ ምሬያችኋለሁ። በምሥራቅ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ብሩሃን መላእክት ቆመዋል። ሽማግሌው እነዚህ ለቅዱሳን ርዳታ የሚላኩ ናቸው አሉት፤ ከእኛ ጋር ያሉት ከእነሱ ጋር ካሉት ይበዛሉ፣ አይዞህ። ሙሴም እግዚአብሔርን አመስግኖ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ከምዕራብ የተሰለፈው አንድም አልሄደም፣ ልብ በሉ። ሙሴ የተመለሰው ጦርነቱ አልቆለት አይደለም።

እንዲያውም ባሰበት። ጾሙን አጠበቀ፤ በቀን ወደ 330 ግራም ደረቅ ዳቦ ብቻ። በዚያ ላይ ከባድ ሥራ። በዚያ ላይ በቀን 50 ጸሎት። ሥጋው ከሳ፤ ሕልሙ ግን ወፍራም እንደሆነ ቀረ። ወደ ሌላ አባት ሄዶ ጠየቀ፤ ሌሊት እንዲተጋ መከሩት። እሱም ተጋ። ለስንት ጊዜ ይመስላችኋል? ለስድስት ዓመት! ሌሊት ሌሊት በበዓቱ መሀል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን፣ ሲጸልይ ያነጋል።

እና?

እና ምንም። ሕልሙ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስቁማችሁ። ብዙዎቻችን “ዓላማዬን አገኘሁ” ስንል ሰላም አገኘሁ፣ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ጥያቄዬ ተመለሰ ማለታችን ነው። በዚህ ሚዛን ከሆነ ሙሴ ከስሯል። አምኗል፣ ተጠምቋል፣ መንኩሷል፣ ስድስት ዓመት ቆሟል፤ እንቅልፉ ግን ያው ነው። ጓዙን ጠቅልሎ ቢሄድ የሚፈርድበት አለ?

አልሄደም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ የዛሬው ክፍል ቁልፍም እሱ ነው።

አንድ ሌሊት ከበዓቱ ወጣ።

ወዴት? ዝም ብላችሁ ተከተሉት። ጨለማ ነው። አንድ በዓት ደጃፍ ደረሰ። ውስጥ አንድ ያረጁ አባት ተኝተዋል። ጎንበስ አለ። ደጃፍ ላይ ያለውን እንስራ አነሣ። ይዞት ጠፋ!

ሌባ ላመሉ… አላልኳችሁም?

ተሳስታችኋል። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ እንስራው ሞልቷል። ቦታው አስቀመጠውና ወደሚቀጥለው በዓት ሄደ። እንደገና አነሣ፣ እንደገና ሞላ፣ እንደገና መለሰ። በአስቄጥስ ውኃ ቅርብ አይደለም። ለአንዳንዱ በዓት 700 ሜትር ያህል፣ ለሌላው 3 ኪሎ ሜትር፣ ለሌላው ደግሞ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጉልበታቸው ያለቀ ሽማግሎች በዚያ አሸዋ ላይ እንስራ ተሸክመው እንዴት ይመላለሱ? ሌሊት ሙሴ ይሄድላቸዋል። ሽማግሎቹ ጠዋት ሲነሡ እንስራቸው ሞልቶ ያገኙታል። ማን እንደሞላው አያውቁም።

ጳላድዮስ ይህን የሚቆጥረው ሕልሙን ለማሸነፍ እንደተጨመረ ሌላ ተጋድሎ ነው። ልክ ነው፣ አልከራከረውም። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ስድስቱን ዓመት ሙሴ ሲጠብቅ የኖረው ራሱን ነው፦ የራሱን ዓይን፣ የራሱን ሕልም፣ የራሱን ኃጢአት። እንስራ ባነሣበት ሌሊት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ “እገሌ ውኃ አላቸው ወይ?” ብሎ ወጣ። ጨለማ የሚያውቅ ዓይን፣ ኮቴ የማያሰማ እግር፣ 75 ኪሎ ሜትር የማይደክመው ጉልበት፤ ይህ ሁሉ ለምን እንደተሰጠው ያኔ ገባው ብል አታሳፍሩኝ። ሌሊት ሰው ደጅ ሳይሰማ ደርሶ መመለስን ከሽፍታ የተሻለ ማን ያውቀዋል? እግዚአብሔር የድሮውን ሙያ አልጣለበትም፤ አገላበጠው እንጂ። ቀድሞ ሙሉ ቤት ባዶ ያደርግ ነበር፤ አሁን ባዶ እንስራ ይሞላል።

ፀሐይን የጠየቃት ጥያቄ መልስ ያገኘው እንግዲህ በጨለማ ነው።

ደስ አላችሁ አይደል? በጣም አይበላችሁ። ሦስተኛው አደጋ ቀርቶናል።

ሌላ ሌሊት ነው። እንስራዎቹን ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ዙሪያው ጭር ብሏል። ያሉትን ሰዎች ቁጠሩልኝ፦ ሙሴ፣ አንድ። ሌላ አለ? አላያችሁም። እሱም አላየም። በጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አለ፣ ሁለት እጁ መቅጃው ላይ ነው፣ ጀርባው ለበረሃው ክፍት ነው።

ሙሴ፣ ዙር!

አልዞረም።

ዱላው ወገቡ ላይ አረፈ። አራት ሰው የተሸከመው ወገብ ተብረከረከ። ሰውየው ተዘረረ። የመታውም ሞቷል ብሎ ትቶት ሄደ።

በማግስቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ አንድ መነኩሴ ጉድጓዱ አጠገብ ወድቆ አገኘው። ጮኾም እንደሆነ እንጃ፤ በቀጥታ የሮጠው ወደ አባ ኤስድሮስ ነው።

አሁን ጠርጥሩ። ዱላውን የያዘው ማን ነው? ከድሮ ጓደኞቹ አንዱ፣ አለቃቸው ስለከዳቸው የተቀየመ? አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ያ እረኛ፣ ቂሙን ዓመታት አዝሎ? ወይስ በሰገነቱ ላይ ስንወጣ በምዕራብ ያየናቸው፣ እናንተም የረሳችኋቸው? ጳላድዮስ በቀጥታ ስም ጠርቶ ይነግረናል። እኔ ግን እስከ ሳምንት አልነግራችሁም።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልጨምርላችሁ፦ ተርፎ ከሆነስ፣ እንደገና እንስራ ያነሣል?

ስንክሳር የምታነቡ፣ ሰኔ 24 ቀን ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ፣ መጨረሻውን እንደምታውቁት አውቃለሁ። እባካችሁ ዝም በሉ። አጠገባችሁ ለተቀመጠው አትንገሩ፤ ሳምንቱን እንደኔ አንባቢዎች ይጨነቅ። ለጠያቂ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ፦ ዓላማው የጠፋበት ሰው ከማንም በፊት የጎረቤቱን እንስራ ይይ፤ ባዶ ከሆነ ይሙላው፤ ጥያቄውን እየሞላ መጠየቅ ይችላል።

በክፍል 5 አባ ኤስድሮስ ወደ ጉድጓዱ ይደርሳሉ። እናንተም አትዘግዩ።